ጉድለት የሌለው ሰው

ልጅ እያለሁ፣ ክረምት ሲገባ የአንኮበር ጉም ከቆላው ሽቅብ እየተነሣ ቤት ድረስ ይገባ ነበር። በሩ ክፍት ከሆነ መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ይደበዝዛል፤ ልብሳችን ሁሉ እርጥብ ሱፍና ጭስ ይሸታል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ውጭ መውጣት ተከልክለን፣ ጽጌ ቤት ተሰብስበን ራሳችን የፈጠርነውን ጨዋታ የምንጫወተው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበርን፤ እኔ፣ ጽጌ፣ እንዲሁም አባቷ አሊዩ አምባ ገበያ ጨው የሚነግደው ዘይነባ።

ካርቶን ላይ ከአንኮበር ቁልቁል እስከ በረሃ የሚወስድ መንገድ በከሰል ስለናል። እያንዳንዳችን አንድ «ሰው» እንፈጥራለን። አሥር ጉልበት ይሰጠዋል፤ ለመሮጥ፣ ለማየት፣ ለመዋጋት እንደፈለግን እናከፋፍለዋለን። አራት የባቄላ ክክ እንወረውርና ጠፍጣፋ ጎናቸው ወደ ላይ የሆነውን ቆጥረን ያንኑ ያህል እንራመዳለን። አራቱም ከተደፉ ሰውየው ይሸነፋል፤ የተሸነፈ ግን አይሞትም፤ ጉም ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁላችንም ስሙን ሦስት ጊዜ እንጠራዋለን፤ ክኩ ከቀናን ይመለሳል። ሕጉን ደብተር ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር «አንቀጽ» ማለት ደስ ይለኛል። ከሁሉ አጥብቄ የምይዘው አንቀጽ ስድስትን ነው፦ ስጦታ ያለው ሰው ሁሉ ጉድለት ይኑረው። የዘይነባ ነጋዴ የማያውቀው መንገድ የለም፤ ግን ወንዝ መሻገር ይፈራል። የእኔ ዳኛ ውሸት ያውቃል፤ ግን አንካሳ ነው።

አንድ ዓመት የጽጌ ወንድም ደምሴ በግ ሊሸጥ ደብረ ብርሃን ሄዶ፣ በአፈሳ ተይዞ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ተላከ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ዝም።

«ዛሬ የእኔ ሰው ደምሴ ነው» አለች ጽጌ፣ በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ። «ጥይት አይመታውም። አይርበውም። አይደክመውም።»

«ጉድለቱስ?» አልኳት።

«የለውም።»

«እንግዲያማ ጨዋታ አይሆንም። እሱ ሁሌ ካሸነፈ እኛ ምን ልንሠራ ነው?»

«ተያት እንጂ፣ ወንድሟ እኮ ነው» አለች ዘይነባ።

አልተውኳትም። ደብተሩን ከፍቼ እርሳሴን ይዤ ጠበቅኳት። ጽጌ ክኮቹን አንድ በአንድ ደረደረች። በመጨረሻ፣ «እሺ፤ ካልጠሩት አይመጣም። ጉድለቱ ይኸው ነው» አለች። ጻፍኩት።

ገና ሦስተኛው ውርወራ ላይ አራቱም ክኮች ተደፉ። ደምሴ ጉም ውስጥ ገባ። ቶሎ ብዬ «እንጥራው» አልኩ። አንድ ጊዜ ጠራን። ሁለተኛ ጠራን። በሦስተኛው ጽጌ ባላት አቅም ሁሉ «ደምሴ!» ብላ ጮኸች።

«አቤት!»

ከደጅ ነው። ከቤቱ በታች፣ ከቁልቁለቱ። የወንድ ድምፅ፤ የሩቅም አይደል። ዘይነባ «አዑዙ ቢላህ» ብላ እጄን ጨመደደችው። የጽጌ እናት እትዬ አስካለ ጓዳ ገብስ ሲነፉ ነበር። ወንፊቱን ጥለው በባዶ እግራቸው ሮጡ። «መጣሁ ልጄ! የት ነህ?» እያሉ ጉሙ ውስጥ ተሰወሩ። ተከትለን ወጣን። የቤቱ ውሻ ለማንም የማይመለስ ተናካሽ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ፣ ሳይጮህ፣ ጅራቱን ይቆላ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ባለድምፁ እስኪመሽ ተፈለገ። ማንም አልተገኘም።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ራሳቸው አስጠሩን። መደቡን ጠርገው፣ ካርቶኑን ዘርግተው ጠበቁን። «እስቲ እንደ ትናንቱ ጥሩልኝ» አሉ። ጠራን። መልስ የለም። በሦስተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም ጠራን። ጽጌ ድምፅዋ ዘግቶ ነበር። በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ገለጥኩና፣ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ፣ ያልተጻፈ አንቀጽ አነበብኩላቸው፦ «አንድ ጊዜ አቤት ያለ ሰው ዳግመኛ አይጠራም፤ መንገዱን ይስታል።»

እትዬ አስካለ ካርቶኑን ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሕጉ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አሉና በሩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልተጫወትንም።

ከጠራነው በሁለተኛው ዓመት፣ ከደምሴ ጋር የዘመተ አንድ የመንደራችን ልጅ ቆስሎ ተመለሰ። «ደምሴን በእጄ ነው የቀበርኩት» አለ። መቼ ነው ሲሉት፣ «በግንቦት፤ በሄድን በዓመቱ» አለ። እኛ የጠራነው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ነበር። ሽማግሌዎቹ መርዶውን ሲነግሯቸው እትዬ አስካለ፣ «የሞተ ሰው አቤት አይልም! በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው አስወጧቸው። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካር አላወጡም፤ ጽጌንም ጥቁር እንዳትለብስ ከለከሏት።

እትዬ አስካለ ያረፉት አምና ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ተነሥቼ ለቀብር ሄድኩ። ጽጌ ፀጉሯ ሸብቷል። ከሰዉ ነጠል አድርጋ፣ «ያን ቀን ሰምተሽ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። ስለ አንቀጹም፣ ፈጥሬ እንዳነበብኩት፣ ገና ያን ጊዜ ነገርኳት። ትከሻዬን ያዘችኝ።

ልጅ ሳለን፣ የጠራነው ሁሉ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ዛሬ ስልክ በየኪሳችን አለ፤ ግን ስም ለመጥራት እንኳ እንፈራለን። ጽጌ ወደ ለቅሶው ተመልሳ ለእናቷ ሙሾ አወረደች። ከዚያ ድንገት ደረቷን እየመታች «ወንድሜን! የአሥራ ስምንት ዓመቱን!» ማለት ጀመረች። ወጣቶቹ ለቀስተኞች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለችኝ።