ግማሽ ክኒን

ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለው የሳንባ ሐኪም ቤት፣ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ ከጎኔ ይቀመጣሉ። በጋ ከክረምት ካፖርታቸውን አያወልቁም። ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ግማሹን ኪሳቸው ይከታሉ። ወጣቱ ከታፈሰበት የቤት ለቤት አሰሳ ወዲህ ልጃቸው የት እንደገባ ቀበሌ ቢጠይቃቸው፣ «ዓይኑንም አላየሁ» ነው መልሳቸው።

ዛሬ ነርሷ ተቆጣች።

«አባባ፣ ክኒኑን እየከፈሉ ነው የሚውጡት አይደል? ጀርሙ ግማሹን መድኃኒት እየቀመሰ ተለወጠ። እኛ በሺህ ዓመት የምንተካውን ትውልድ እሱ ባንድ ወር ይተካል። አሁን ሙሉውንም ቢውጡት አይገድለውም።»

ሽማግሌው ስለ ራሳቸው ምንም አልጠየቁም። ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እ... ሲስተር፣ ሌላውን ግማሽ የሚውጥ ሰው ቢኖርስ? እሱንም አያድነውም ማለት ነው?»