ገንዳው ጋ

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ጓሮው ያነደደውን እሳት በባልዲ ውሃ ሲያጠፋ፣ የጋሉት ድንጋዮች ቸስ አሉ፤ የእርጥብ ድንጋይና የጥላሸት ሽታ በመስኮቴ ገባ። ወዲያው ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ።

በኮሮናው ሁለተኛ ሰመር ነው። ሁለታችንም የኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን፤ ግሮቭፖርት የምትባል ከተማ አጠገብ፣ መጋዘን ሊሠራበት በታጠረ የበቆሎ ማሳ ላይ የጥንት ቅርስ ቁፋሮ ገባን። የጥንት ሰዎች እዚያ ድንጋይ በእሳት እያጋሉ፣ ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ እየጨመሩ ያፈሉ ነበር። የተሰነጣጠቀውን ድንጋይ አጠገቡ ይቆልሉታል፤ እኛ የምንቆፍረው ያንን ጥቁር ክምር ነው። ስለ ነገሩ ያነበብኩት እኔ፣ እሷንም ለምኜ ያመጣኋት እኔ። የለመንኳት መኪና ስላላት ነው፣ እውነቱን ልንገርህ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ አፈር ስፍቅ ከረምኩ። እሷ እየቀለደች፣ ጭቃውን በጣቷ እየዳሰሰች፣ የገንዳውን ጠርዝ አገኘችው። የቁፋሮው ኃላፊ አጨበጨበችላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ማስኬ ፊቴን ባይሸፍንልኝ ኖሮ ጉዴ ነበር። በመስከረም ከእኛ ከቆፋሪዎቹ ላብራቶሪ የሚቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ቦታ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። ቅናት አንገበገበኝ።

እዚሁ ፈረንጅ አገር ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ከእናቷ ሌላ ደፍራ አማርኛ የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነበር፤ ስትሳሳት አብረን እንስቃለን።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከገንዳው ያወጣችውን ድንጋይ በባልዲ ይዛ መጣች።

"የት ላድርገው?"

"ገንዳው ጋ" አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

ገንዳው አጠገብ ሸራ ተነጥፏል፤ ድንጋዩ እዚያ ይመዘናል። ተመዝኖ ያለቀው ግን መንገዱ ዳር ባለው የቆሻሻ ገንዳ ይጣል ነበር። የእሷ እናት ደግሞ ሂልቶፕ ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ቆሻሻ አስይዛ ስትልካት "ገንዳው ጋ ጥለሽ ነይ" ነው የምትላት። የቁፋሮውን በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የምታውቀው፤ በአማርኛ ሌላ ገንዳ አታውቅም። ቀና ስል ሸራውን አልፋ ወደ መንገዱ ስትሄድ አየኋት። ገባኝ። ብጠራት ትሰማኝ ነበር። አጎንብሼ መፋቄን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ድንጋዩ ሲፈለግ የቆሻሻው መኪና ወስዶታል። ኃላፊዋ ማን እንደጣለው ስትጠይቅ ጓደኛዬ እጇን አወጣች፤ "ገንዳው ጋ" ያላት ማን እንደሆነ አልተናገረችም። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ስንመለስ ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"ገንዳ ማለት ዳምፕስተር፣ ቆሻሻ መጣያው ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

የላብራቶሪውን ቦታ እኔ አገኘሁት። ከልቧ ደስ ብሏት ኮንግራትስ አለችኝ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር አንድ እሑድ ኮል አደረገችኝ።

"ማሚ ስለ ልጅነቷ ስታወራ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ከብት ገንዳ ላይ ውሃ ይጠጣል አለችኝ። አንቺ ታውቂ ነበር?"

ስልኩን ቶሎ አልዘጋችውም፤ ትንሽ ጠበቀችኝ።

አሁንም ሠርግ ቤት ስንገናኝ ጉንጬን ስማኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠይቃኝ ታልፋለች። በእንግሊዝኛ።