ቢጫው ልብስ

ልጄ ስምንት ወር ሆዴ ውስጥ ቆይቶ ሞቶ ተወለደ። በማግስቱ ጠዋት አዋላጇ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ልጁ ነገ ከመቀበሩ በፊት የሚለብሰውን ከቤት እንድናመጣ ነገረችኝ። ከፈለግኩ እኔው ራሴ ላለብሰው እንደምችልም ጨመረችልኝ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለውን ሕፃን ወንዶች ጠቅልለው ይወስዱታል፤ እናቱ አታየውም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። እኔ ግን ላየው ፈለግኩ።

ምን እንደሚለብስ አላመነታሁም። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈረንጅ ባልደረቦቼ፣ እንደ አገራቸው ወግ፣ የሕፃናት ዕቃ መደብር ልከውኝ የምፈልገውን አስመርጠውኝ ነበር። መደብሩ የመረጥኩትን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያስቀምጣል፣ እነሱ እየተከፋፈሉ ይገዙልኛል። ጋሪውም አልጋውም ቤት ገብቷል። ከሁሉ የወደድኩት ግን ኮፍያ ያለው ቢጫ የሹራብ ልብስ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሴት፣ ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እትዬ፣ ያኔ አይተውት "ልጄ፣ ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይገዛም" ሲሉኝ ስቄባቸዋለሁ። ሆስፒታል ተኝቼ ያ ሳቄ ጆሮዬ ላይ እየመጣ አላስተኛ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ደወልኩለት።

"ቢጫውን ልብስ አምጣልኝ።"

"የለም" አለኝ። "ከእትዬ ጋር ሁሉንም ጠዋት ሱቅ ወስደን ኡምታውሽ አደረግነው። መለስነው። ቤት ስትገቢ እንዳታዪው ብለን ነው።"

ክው አልኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፣ ብቻ እትዬ ስልኩን ከእጁ ተቀበሉት።

"እሱን አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያልኩት። እኔም አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ያሳበደኝ ልብሱ ነው። አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ይተካልሽ።"

"እንዲተካልኝ አልፈልግም እትዬ! ይሄኛውን ማልበስ ነው የምፈልገው!"

በትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። "እንግዲያው ሱቁ ሳይዘጋ ሂዱ" አሉኝ።

ሐኪሙ ቅር እያለው ለቀቀኝ። ባለቤቴ በታክሲ መጥቶ ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም። ጡቴ ወተት ይዞ ያመኝ ነበር።

መደብሩ ውስጥ ጋሪያችን እቦታው ተመልሶ ቆሟል፤ አንዲት ነፍሰ ጡር እጀታውን ይዛ ወዲያ ወዲህ ትገፋዋለች። የባለቤቴን ክንድ ያዝኩ። ተናድጄበታለሁ፣ ግን የምደገፈው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ቢጫውን ልብስ ያየው እሱ ነው። ከሌሎቹ መሀል ተሰቅሏል። አውርዶ ሰጠኝ።

ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ እግር ናት፣ ጠዋት የነበረችውም አይደለችም። ኮፍያውን እያስተካከለች ፈገግ አለችልኝ።

"ለስጦታ ልጠቅልልዎት?"

ባለቤቴ ፊቱን አዞረ።

"አይ" አልኳት። "ለልጄ ነው። ነገ ይለብሰዋል።"

"ውይ፣ ተወለደ? እንኳን ደስ አለዎት!"

አመሰግናለሁ አልኳት። ልጄ በመወለዱ እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።