ከጎረቤት ደጅ የዘገንኩት አፈር

ለምኜ ብወስደው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ግን ምን ብዬ ልለምን? ከሰው ደጅ አፈር መዝገን በመተት እንደሚያስጠረጥር እኛ ሰፈር ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጎረቤታችን እማማ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ፣ እንደ ሌባ ጎንበስ ብዬ፣ በማንኪያ ፌስታል ውስጥ የጨመርኩት።

እማማ ላም ያረባሉ። ላሞቹ የሚያንጠባጥቡት ፉርሽካ ደጃፋቸው ላይ ይበሰብሳል፤ ስታርች የሚበሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚወዱት እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የማስተርስ ጥናቴ እነሱን ነጥሎ፣ በዚያው በፉርሽካ አሳድጎ፣ የሚያመነጩትን ኢንዛይም መሰብሰብ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጨርቁን ከማቅለማቸው በፊት ክሩ የተቀባውን ስታርች የሚያስለቅቁት በእሱ ነው። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው።

በዚያው ሳምንት የአንደኛዋ ላም ወተት ነጠፈ። ለካ ሰው አይቶኝ ኖሯል። እማማ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ።

«አፈሬን መልሺ» አሉኝ።

«እማማ፣ ለትምህርት ነው። ውስጡ የማይታዩ ነገሮች አሉ፤ እነሱን ፉርሽካ እያበላሁ ጠርሙስ ውስጥ...»

ከራሴ አፍ ሲወጣ እኔኑ ድግምት መሰለኝ። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ አማተበች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ከእማማ ጋር ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፤ ልጅ ያሳደጉትም አብረው ነው። በሰው ፊት ምላ አታውቅም። ያን ቀን ግን መካከላችን ገብታ፣ «በማርያም እምላለሁ፣ ልጄ እንዲህ ያለ ነገር አልነካችም» አለች።

እማማ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ ከማልሽ ምን እላለሁ» አሉና ሴቶቹን ይዘው ተመለሱ።

እናቴ በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ አዋረድኩሽ» አልኳት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷም አላየችኝም። አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አሁን ማንም የለም፤ ለእኔ ንገሪኝ» አለች። «ማን ነው የላከሽ? በማርያም ምዬልሻለሁ፤ በሐሰት ከሆነ ልወቀው።»