ያላለቀ ክዳን

ጎረቤቴ ዮሳኩ የሚሠሩት በጥርሳቸው ነበር። ይህን ስናገር የሰፈሩ ወጣቶች ይስቃሉ። ይሳቁ፤ የአኻያ ሻንጣ ሲሠራ የት አይተው! ሠሪው ጣውላ ላይ ተንበርክኮ የተላጠውን የአኻያ ዛፍ ቀንበጥ ጎን ለጎን ይደረድራል። ከዚያ የቃጫውን ክር አንድ ጫፍ በፊት ጥርሱ ነክሶ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ አንድ ዘንግ በታሰረ ቁጥር አንገቱን ወደ ኋላ፣ እጁን ወደ ፊት ይስባል። ክሩ መጥበቅ አለመጥበቁን የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በማጅራቱ ነው። ዮሳኩ ልጅ ሳሉ ቅርፊቱ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ለውዝ በጥርሳቸው ሲሰብሩ አባታቸው አግኝቷቸው፣ "መሣሪያህን በድንጋይ ትመታለህ?" ብሎ በጥፊ እንዳጮላቸው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ድሮ እዚህ ከተማችን ቶዮኦካ፣ ወንዙን ተከትሎ ያለው ቤት ሁሉ አኻያ ይጎነጉን ነበር። ዛሬ ቤቱ ሁሉ ናይለን ይሰፋል። እኔም ከሰፊዎቹ አንዷ ነኝ፤ ከዮሳኩ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጬ ለፋብሪካ የቦርሳ ማንገቻ እሰፋለሁ። አላፍርበትም፤ ያኖረኛል። እሳቸው ግን ባገኙኝ ቁጥር መልከፍ አይተዉም ነበር።

"ዛሬስ ስንት የዝናብ ልብስ ሰፋሽ፣ ቶሺኖ?"

"እርስዎስ ስንት ጥርስ ቀረዎት፣ አቶ ዮሳኩ?"

ሚስታቸው ኪኑ ጓደኛዬ ነበረች። ወንዙ ዳር ከነበረቻቸው ቁራጭ መሬት አኻያውን በየዓመቱ አጭዳ የምትልጠው እሷ ነበረች። አንዲት ልጃቸው ቺካኮ ኦሳካ ስትዳር፣ የክት ልብሷን፣ ኪሞኖዋን፣ የምታኖርበት ሻንጣ ይሠራላታል ተብሎ ነበር። የደንበኛ ሥራ ይቅደም ሲባል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሲባል፣ ልጅቱ ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ ሻንጣ ይዛ ሄደች። ይህ ነገር ኪኑን እንዳንገበገባት ቀረ። "የኛ ልጅ! የኛ ልጅ በፕላስቲክ!" ትል ነበር። በሞተችበት ዓመት አንድ እስር አኻያ ልጣ፣ አድርቃ፣ ጣሪያው ሥር ሰቀለችና "ይቺ የቺካኮ ናት፤ ለሌላ እንዳትነካት" አለቻቸው። እሷ በሞተች በዓመቱ መሬቷም ለጎርፍ መከላከያ ግንብ ተወሰደች። ከዚያች እስር ሌላ አኻያ አልቀረም።

ከሐዘኑ በኋላ ዮሳኩ "ሥራ በቃኝ" ብለው ላገኙት ሁሉ አወሩ። የሚያዝዛቸውም ሰው ስላልነበረ ሁሉም አመናቸው፤ ቺካኮም አመነች። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው። አኻያ እርጥበት ካላገኘ ይሰበራል። እኛ አገር ደግሞ ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ ነው የሚባለው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ያቺን እስር ፈታ እያደረጉ የልጃቸውን ሻንጣ በድብቅ ይሠሩ ነበር። ጥርሳቸው ግን እየረገፈ ነበር። ከፊት የቀሩት ጥቂቶቹም ጉንጫቸውን እያሳበጡ እንቅልፍ ይነሷቸዋል።

"ጥርሴ ሻንጣውን ብቻ ይጨርስልኝ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ጉንጫቸውን ይዘው። "ከዚያ በኋላ አጥሚት ጠጥቼ እኖራለሁ።"

የአኻያ ሻንጣ ክዳኑም እንደ ታችኛው ጥልቅ ነው፤ ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ሥራው እጥፍ ነው። ታችኛው አለቀ፤ ሲያምር! ክዳኑም ተጀምሮ ወደ ግማሽ ደረሰ።

በዚህ መሃል ቺካኮ ለአዲስ ዓመት መጣች። ሰው ሁሉ የበዓሉን የሩዝ ቂጣ ሲበላ አባቷ አጥሚት ፉት ሲሉ አየችና እንባዋ መጣ።

"አባዬ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። ሁሉንም አስነቅለን አዲስ እናስገባልሃለን።"

"ያሉት ይበቁኛል፤ ተያቸው።"

"ምኑ ነው የሚበቃህ? እማዬን ሳላስታምማት ሞተችብኝ። አንተን እንኳ ላብላህ!"

ምን ብለው ይመልሱ? እውነቱን ቢናገሩ ስጦታው አስቀድሞ ይታወቃል። ልጅ እያለቀሰች ስትለምን ደግሞ እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። በዚያ ላይ ሞኝነታቸው፣ ጥርስ ያው ጥርስ ነው፣ አዲሱ እንዲያውም ይጠነክራል ብለው አሰቡ። ሄዱ፤ ተነቀለ። ቁስሉ ሲሽር እንደ በቆሎ ፍሬ የተደረደረ ነጭ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገባላቸው። ቺካኮ አባቷ የተጠበሰ ዓሣ ከነቆዳው ሲበሉ አይታ ደስ ብሏት ወደ ኦሳካ ተመለሰች።

በማግሥቱ ዘነበ። "ነይ፣ የሙሽራ ጥርሴን እዪ!" ብለው ጠሩኝ። ክሩን ነከሱ፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ጥርሱ እንዳለ ከአፋቸው ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ምን ላድርግ፣ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጥርስ ባዳ ነው። አጥበው መልሰው ሞከሩ፤ ወጣ። በባዶ ድዳቸው ሞከሩ፤ ክሩ ደም ለበሰ። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

"ይስጡኝ፣ እኔ ልንከስልዎ" አልኳቸው።

"የናይለን አፍ!"

"አፍ ያው አፍ ነው። ይልቅ ይሳቡ።"

ፊት ለፊት ተንበረከክን። ክሩ በእኔ ጥርስ፣ እጁ የእሳቸው። የሰፈር ሰው ቢያየን ምን ይለን ነበር!

"ስስብ ሳቢ እንጂ!"

"ሳብኩ እኮ!"

"ዘገየሽ! እጄና አንገትሽ አይተዋወቁም።"

"የእኔ አንገት እጅዎን ከየት ያውቀዋል?"

"ኪኑ ብትሆን ታውቀው ነበር" አሉ። ክሩን እንደገና ነከስኩ።

በዘነበ ቁጥር ሞከርን። መንጋጋዬ አብጦ ሩዝ ማላመጥ አቃተኝ። ግን ክሩ አንዴ ሲላላ አንዴ ሲጠብቅ መስመሩ እንደ ሰካራም መንገድ ተወላገደ። ፈትቶ መሥራት አይቻልም፤ አንዴ የጎበጠ አኻያ መልሶ አይቃናም፣ ሌላ አኻያ ደግሞ የለም። አንድ ቀን ክሩን ከአፌ ቀስ አድርገው ወሰዱት።

"ይብቃን፣ ቶሺኖ። ነገሩን ግን ሆድ ይፍጀው። ቺካኮ እንዳትሰማ። ጥርሱን የገዛችልኝ ወዳኝ ነው።"

ቃል ገባሁላቸው።

ከዚያ በኋላ ዓሣ እየበሉ ኖሩ። ቺካኮ ስትደውል "እንኳን ዓሣ፣ ለውዝ ከነቅርፊቱ እሰብርበታለሁ!" ይሏታል። ስልኩን ሲዘጉ ጥርሱን አውልቀው ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ሾርባ ይዤ ስገባ ጣውላው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ዝናብ ሲጥል ከግድግዳው ማዶ የምሰማው ድምፅ ጠፋ። በዚያ ዝምታ የስፌት መኪናዬን ስረግጥ እንኳ እሸማቀቅ ጀመር።

በረዶው በበዛበት ሰሞን ሞቱ። ቺካኮ ደረሰች። ጉንጫቸው እንዳይጎደጉድ ብላ ጥርሱን በገዛ እጇ አፋቸው ውስጥ አስገባችው።

"ምንም ባላደርግለት ይቺን አድርጌለታለሁ" አለችኝ።

"ሁሌም ያመሰግኑሽ ነበር" አልኳት።

ከዚያ አስከሬኑን የምታለብሰውን ስትፈልግ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሻንጣውን አወጣች፤ ውስጡ የእናቷ ኪሞኖ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩም ያላለቀውን ክዳን አገኘች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ያንቺ ነው። አኻያውን የላጠችው እናትሽ ናት።"

"ሥራ ትቻለሁ አላለኝም እንዴ? መቼ ነው የሠራው?"

"ጥርሱን ካስገቡ በኋላ ነው" አልኩ። "ዝም ብለው ለጊዜ ማሳለፊያ።"

ዋሸሁ። ቃሌ ነበር።

ቺካኮ ግን የሻንጣ ሠሪ ልጅ ናት። ክዳኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መስመሩን በጣቷ ተከተለች። ቀጥ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ይወላገዳል። ጣቷ እዚያ ቦታ ላይ ቆመ።

"እስከዚህ ድረስ የሱ ጥርስ ነው" አለች።

"ቺካኮ…"

"ምን ያህል ነበር የቀረው?"

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። "ዝናቡ ባያቋርጥ፣ አንድ ወር" አልኳት።

አላለቀሰችም። ክዳኑን አስቀምጣ ሄዳ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ፊታቸው ላይ የተጣለውን ነጭ ጨርቅ ገለጠችና ያን ጥርስ በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ከአፋቸው አወጣችው። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። ጥርሱን በመሐረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ ጨርቁንም መልሳ ፊታቸውን ሸፈነች።