ዳገቱን የሚያዩት ሸክላ ሻጭ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መርሳ ገበያ ላይ አንዲት ሸክላ ሻጭ ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት ምድር ከተንቀጠቀጠባት ከካራ ቆሬ በኩል መምጣታቸው እንጂ ስማቸው አይታወቅም። ሌላው ሻጭ ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር፣ እሳቸው ወደ ጭቃማው ዳገት ዞረው ይቀመጣሉ፤ ዋጋ ለጠየቃቸው ሰው ሲመልሱ እንኳ ዓይናቸው ከዳገቱ አይነቀልም።

ባለሱቁ ሞገስ ከዚያው ዳገት ሥር የቤት መሠረት ሲያስቆፍር፣ አንድ ቀን ሴትዮዋ አጠገቡ መጥተው ቆሙ። ከጉድጓዱ የወጣውን እርጥብ አፈር ዘገኑና የዘገኑበትን እጅ በሌላው እጃቸው ደጋግመው መቱት። ጠጣር የነበረው ጭቃ ፊቱ ወዛ፤ ላላና በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ።

«ምድር ስትንቀጠቀጥ ዳገቱም እንዲህ ነው የሚሆነው» አሉት።

«እናቴ፣ ይኸ ዳገት በአያቶቻችን ዘመን እንኳ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«የእኛም አያውቅም ነበር።»

እሳቸው እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው «ልጆቹ የሚተኙት በየት በኩል ነው?» አሉ። ሞገስ በጣቱ አሳያቸው፤ በዳገቱ በኩል ነበር። ሴትዮዋ ማድጋቸውን አዝለው ሄዱ።

በማግሥቱ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ፣ ሞገስን ከመንገዱ ማዶ ሜዳው ላይ አዲስ ችካል ሲተክል አገኙት።