ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው

ጋና፣ ኩማሲ ከተማ፣ ባንታማ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወረድ ሲሉ ሰማያዊ የተቀባች የቆርቆሮ ሱቅ አለች፤ የልብስ ሰፊው የማስተር ኦዱሮ ናት። የኦዱሮ እጅ የተባረከ እጅ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። እሱ የሰፋላትን የለበሰች ሴት በመንገድ ስታልፍ ወንዱ ብቻ ሳይሆን ሴቱም ዞሮ ያያታል። ችግሩ የልብሱ አሰፋፍ ላይ አይደለም፤ አደራረሱ ላይ ነው። ለፋሲካ ያዘዘ ሰው ለገና ከለበሰ ዕድለኛ ነኝ ብሎ አመስግኖ ይሄዳል።

ታዲያ ሱቋ እስከ ዛሬ ያልተዘጋችው በእጁ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በይቅርታው ነው። ኦዱሮ ጠዋት በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያነሳው መቀሱን ሳይሆን ስልኩን ነው። በርጩማው ላይ ይደላደልና ዋትሳፑን ከፍቶ ይቅርታ ማደል ይጀምራል፤ ለሙሽራ የሚላከው ሌላ፣ ለሐዘንተኛ የሚላከው ሌላ፣ ለፓስተር የሚላከው ደግሞ ጥቅስ ያለበት። መብራት ጠፋ፤ የስፌት መኪናው ቀበቶ ተበጠሰ፤ አያቴ አረፉ። እኚያ አያት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ሲያርፉ የኖሩ ሴት ናቸው። መዝጊያው ግን ሁሌም አንድ ነው፤ «አይዞሽ እቴ፣ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።»

እሱ ቁልፍ መትከል ብቻ ቀረኝ ሲል ጨርቁ ገና መቀስ አላየም ማለት እንደሆነ እኛ ባንታማዎች እናውቃለን። እያወቅንም እንታለላለን። ሰውየው ይቅርታ ሲጠይቅ ድምፁ ከመለስለሱ የተነሣ፣ ሊሰድበው የደወለ ሰው ራሱ አጽናንቶት ስልኩን ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ጥበብ አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ከሸፈ። ሰርዋ ትባላለች፤ ከሱ ሱቅ ሁለት መንገድ አልፎ ጸጉር ቤት አላት። ከኦዱሮ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል። የሱ ቤተሰብ እንደ ወጉ ሄዶ የቤቷን በር አንኳኩቶ ለጋብቻ ሊጠይቅለት ነበር፤ ለዚሁ የሚያዘው ሁለት ጠርሙስ ጂን እንኳ ተገዝቶ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ከክሮቹ አጠገብ ተቀምጧል። ቀን ሊቆረጥ ሲል የሰርዋ እናት፣ እማማ አቺያ፣ አረፉ።

እማማ አቺያ በሣጥናቸው ያኖሩት ጨርቅ ነበራቸው፤ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ወፎች ያሉበት፣ ለክፉም ለደጉም ቀን ብለው ሳያሰፉት የኖሩት። ሰርዋ ከሣጥኑ አውጥታ ለኦዱሮ ሰጠችው። ቅዳሜ ቀብሩ ላይ እንደ ሁሉም ጥቁርና ቀይ ለብሳ ትውላለች። እሑድ በምስጋናው ጸሎት ላይ ግን የእናቷን ጨርቅ ለብሳ፣ በኩር ልጅ ናትና፣ ከፊት ልትቆም ነው።

«ኦዱሮ፣ ይሄ እንደ ሌላው አይደለም» አለችው።

«ምን ነካሽ! የኔስ እናት አይደሉም እንዴ?» አላት።

ዓርብ ዕለት ጻፈችለት፤ «ደረሰ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ኦዱሮ ወደ ጨርቁ ሳያይ መለሰላት፤ «ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።»

እሑድ ሰርዋ የአክስቷን ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ ከፊት ቆመች። ጸሎቱ መሃል ላይ መርፌው ተፈታ። በአንድ እጇ የእናቷን ፎቶ፣ በአንድ እጇ ቀሚሷን እንደያዘች መዝሙሩን ጨረሰች። የባሰው ነገር ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ኦዱሮ ልኩን የጠበቀ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ለአማች ቤት ደህና ሆኜ ልታይ ብሎ የራሱን ሰፍቶ ነው! ሰርዋ አየችው፤ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ከሰኞ ጀምሮ ይቅርታው ዘነበ። መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ በድምፅ፣ ቀጥሎ በስቲከር። የምትንበረከክ ድመት ላከ፤ እንባ የሚንጠባጠብባት ጽጌረዳ ላከ፤ እጁን አጣምሮ የሚጸልይ ሕፃን ላከ። ሁለቱ ጭረቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፤ አንብባዋለች ማለት ነው። መልስ ግን የለም። ሰርዋ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

አንድ ጠዋት ደግሞ እንደ ልማዱ ለደንበኞቹ በጅምላ ሲያድል የሷም ስም አብሮ ገባ። «ውድ ደንበኛችን፣ ለተፈጠረው መዘግየት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ሄደላት። ሊያጠፋው ሲሯሯጥ ሰማያዊው ቀለም ቀደመው። ወዲያው የሰርዋ ፎቶ ከስልኩ ላይ ጠፋ። ብሎክ አድርጋዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይቀመጣል። እሱ ቴሌግራም ገባ። እሱም ሲዘጋበት ፌስቡክ ሄደ። ፌስቡኩም ሲዘጋ ሁለቱም ያሉበት የመዘምራኑ የዋትሳፕ ቡድን ትዝ አለው። «እህቴ ሰርዋ፣ በጌታና በመዘምራን ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» ብሎ ለጠፈ። ያ ቡድን ደግሞ ምን እንደተጻፈ ሳያነብ አሜን የሚል ቡድን ነው። አሜን፣ አሜን፣ አሜን ሲባል እስከ ምሳ ሰዓት ተዋለ። አንዱ ባለ ወፍራም ድምፅ ዘማሪ፣ «ሰርዋ ምን ሆናለች? ታማለች እንዴ? እንጸልይላት» አለ። ከምሳ በኋላ ሰርዋ ቡድኑን ጥላ ወጣች።

ወራት አለፉ። ኦዱሮ የሚገባበት መስኮት ሲያልቅበት በእግሩ ሄደ። ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ሊደርስ ሲል የገዛ ድምፁን ሰማ። ከውስጥ ነው፤ ጮክ ተደርጎ ተከፍቷል። «ሰርዋዬ፣ እህል ባፌ አልዞረም...» ይላል ድምፁ። ሴቶቹ ሳቅ በሳቅ ሆነዋል።

«ይሄኛው ላይ አላለቀሰም!» አለች አንዷ። «ያቺን ዝናብ እየዘነበ የላካትን ክፈቺልን። እሷ ላይ አንጀት ይበላል።»

«ኧረ ተዪኝ!» አለች ጸጉሯ ግማሽ ድረስ የተሠራ ሴትዮ። «እሷ ላይማ ከኋላው የስፌት መኪናው ሲንቀጨቀጭ ይሰማል። እያለቀሰ የሰው ልብስ ይሰፋል እኮ!»

«የኔን እንኳ አይደለም! የኔም አልደረሰ።»

«ያንቺማ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰርዋ ብቻ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የአንዷን ጸጉር እየጎነጎነች፣ «በቃ ዝጉት፣ ባትሪዬን ጨረሳችሁት» አለች። ኦዱሮ ሳይገባ ተመለሰ። የሳቁት አይደሉም ያሳፈሩት፤ ያልሳቀችው ናት።

እኛ ዘንድ ወግ የሚያውቅ ሰው ካጠፋ በገዛ አፉ አይታረቅም፤ ትልቅ ሰው ይልካል። ኦዱሮ ይህን ያስታወሰው ስልኩ ሁሉ ከተዘጋበት በኋላ ነው። የአባቱ እህት አንቲ ፍሬማ ዘንድ ሄደ። በሩን ሊያንኳኩለት የነበሩት እሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ፉፉ ለሚባለው ገንፎ የተቀቀለ የካሳቫ ሥር ሲወቅጡ አገኛቸው።

«አንቲ፣ እባክዎ ሄደው ይለምኑልኝ። ያልላክሁላት ነገር የለም» አላቸው።

«ምን ምን ላክህ?»

ስልኩን አሳያቸው። መነጽራቸውን አድርገው ድመቷን ተመለከቱ።

«ይቺ ድመት ምን አጥፍታ ነው የምትንበረከከው?»

«አንቲ፣ እሷ እኮ እኔን ወክላ ነው።»

«ምስኪን። ልብሱስ?»

«የቱ ልብስ?»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ። «የአቺያ ጨርቅ ነዋ! የሰጠችህ!»

«ለቅሶው ካለፈ በኋላ ምን ያደርግላታል ብዬ...»

«ሂድ አምጣው» አሉት።

ከሱቁ ይዞት መጣ። እንደሰጠችው ነው፤ እንደታጠፈ፣ የሣጥኑ የብል መድኃኒት ሽታ እንኳ አልለቀቀውም። አንቲ ፍሬማ እጃቸውን ተለቃልቀው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከእማማ አቺያ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። አንዱን ጥቁር ወፍ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«ይሄን ሁሉ ወር ይቅርታ ስትሰፋ ይሄን አልሰፋኸውም?» አሉት ቀስ ብለው።

«ሥራ በዛብኝ አንቲ። ደንበኛ ደግሞ ይቆጣል። ሰርዋ የራሴ ሰው ናት፣ ትረዳኛለች ብዬ የሷን ወደ ኋላ...»

የተናገረውን የሰማው ሲናገረው ነው። ባዳ እንዳይቆጣው ብሎ የሚወዳትን ሴት ከሰልፉ መጨረሻ አቁሟት ኖሯል፤ ያውም እናቷን በቀበረችበት ሳምንት። ለድምፅ መልእክቱ ሲታገለው የነበረው እንባ አሁን ሳይጠራ መጣ፤ የሚቀርጸውም አልነበረም።

አንቲ ፍሬማ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አሁን ገና አለቀስክ» አሉት። «እንግዲህ ስማኝ። እኔ ባዶ እጄን አልሄድም። ምን ይዤ ልሂድ፣ አፍህን? አፍህንማ ጠግባዋለች። የአቺያ ሙት ዓመት እየደረሰ ነው፤ ነጭና ጥቁር ይለበሳል። እስከዚያ ያንን ስልክ ዝጋልኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ካሳቫ ግን ሲወቅጡት ይበላል።»

ዘጋው። ማስተር ኦዱሮ ይቅርታ ሳይልክ አንድ ጠዋት ሲያልፍ ደንበኞቹ ግር አላቸው። በማግስቱም ሲቀር ሰው ወደ ሱቁ መጉረፍ ጀመረ፤ ሞቷል ብለው ነው። «አያቱን ተከተለ» ያለችም ነበረች። ሲመጡ መኪናው ላይ አጎንብሶ ያገኙታል። «ማስተር፣ የኔስ?» ሲሉት ቀና ብሎ «ያንቺ አልተጀመረም» ይላል። እውነት ሲናገር ሰምተውት ስለማያውቁ ቀልድ መስሏቸው እየሳቁ ይሄዳሉ።

መቀሱን ከማሳረፉ በፊት ጨርቁን ደጋግሞ ለካው። ቢሳሳት ከገበያ የማይገዛ ነገር ነው። ልኳን በቃሉ ያውቀዋል፤ ግን ሐዘኑም፣ እንዲያው በልቡ እንደሚመኘው የሱ ናፍቆትም፣ ሳያከሳት አይቀርም ብሎ ጎኑን ጠበብ አደረገው። ከኋላ ከማጅራት እስከ ወገብ የሚወርዱ፣ በራሱ በጨርቁ የተለበጡ ቁልፎች አዘጋጀላትና አንድ በአንድ በእጁ ተከላቸው። የመጨረሻውን ክር በጥርሱ በጥሶ ልብሱን ከፍ አድርጎ አየው። ምንም የቀረ ነገር የለም። ቁልፉም አልቀረም።

አንቲ ፍሬማ ልብሱን ሊወስዱ መጡ። «ምን ልበላት?» አሉት።

«ምንም አይበሏት።»

«አንተ ነህ ምንም የምትለው?» አሉና ግንባሩን በእጃቸው ነካ አደረጉት፤ ትኩሳት እንዳለው ሊያዩ ነው።

የሙት ዓመቱ እሑድ ኦዱሮ አሮጌ ሸሚዙን ለብሶ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ሰርዋ ገባች። ጥቁሮቹ ወፎች በትከሻዋ ላይ ተሰልፈው፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ በሁለት እጇ የእናቷን ፎቶ ይዛ። እማማ አቺያን የሚያውቁ አሮጊቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በአጠገቡ ስታልፍ ዞር ብላ አላየችውም። ኦዱሮ ግን ደስ አለው፤ በእውነት ደስ አለው፤ ሁለቱም እጆቿ ፎቶው ላይ ነበሩና።

ከጸሎቱ በኋላ ሱቁን ከፍቶ ገባና ስልኩን አበራው። የደንበኞቹ ስድብ እንደ በረዶ ወረደበት። ከስድቡ መሃል የሰርዋ ፎቶ ተመልሷል። ሥሩ አንድ መልእክት አለ፤

«ጎኑ ጠቦኛል። ከስታለች ያለህ ማነው?»

ኦዱሮ ከበርጩማው ተነሣ። ጻፈ፣ አጠፋ። ጻፈ፣ አጠፋ። ጣቱ ወደ ድመቷ ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ «ነይ፣ ዛሬውኑ አሰፋልሻለሁ» ብሎ ላከ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን አልቻለም። «ሰርዋ፣ ይቅር አልሽኝ?» ብሎ ጨመረ።

እየጻፈች ነው አለ ስልኩ። ቆመች። ደግሞ ጀመረች።

«አይዞህ» አለችው። «ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።»

ኦዱሮ ያን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ሲልከው ኖሯል እንጂ አንድም ቀን ደርሶት አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነም ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደጋግሞ አነበበው፤ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ የጂኖቹን ጠርሙሶች አቧራ ጠረገና በርጩማውን ወደ በሩ አዙሮ፣ ደንበኞቹ ይህን ሁሉ ዓመት እንደጠበቁት፣ እሱም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ።